«ስፖርት ሥሪ»፦ የሥነ ልቡና ምክርና የአካል እንቅስቃሴ በአቃቂ

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የመንግሥት ሆስፒታል የሚጠራው በአንዲት ሯጭ ስም ነው። ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ሩጫዎችን በአንድ ላይ አሸነፈች፤ በቻይና ድጋፍ የተሠራው ሆስፒታልም የእርሷንና የከተማዋን ስም አጣምሮ «ጥሩነሽ ቤጂንግ» ተባለ። ስያሜው የወዳጅነት ምልክት እንጂ የሕክምና ሐሳብ አልነበረም። ሆኖም ደጃፉን የሚረግጥ ታካሚ ሁሉ፣ እግሩ ያበጠውም ልቡ የከበደውም፣ በሯጭ ስም ወደተሰየመ ቤት ይገባል። ሩጫ ለከበደው ልብ ምን ያህል መድኃኒት ይሆናል የሚለው ጥያቄ በዚህ ሰፈር ከሌላው ይልቅ ቅርብ የሚሆነው ስለ ስሙ ብቻ አይደለም። አቃቂ በአንድ በኩል ከአገሪቱ ቀደምት የፋብሪካ መንደሮች አንዱ ሲሆን፣ በሌላ በኩል አትሌቶች ማለዳ ማለዳ የሚለማመዱበት ሜዳ ነው። በአንድ ሰፈር ሁለት ዓይነት የደከመ ሰውነት አለ።

ለድባቴና ለጭንቀት የአካል እንቅስቃሴን የሚመክር የሥነ ልቡና ምክር በዓለም ዙሪያ እየተስፋፋ መጥቷል። በአማርኛ ምክሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቃላት ይጠናቀቃል፦ «ስፖርት ሥሪ»፣ ወይም «ስፖርት ሥራ»። ታካሚው በዕድሜ ከፍ ያለ ከሆነ በአክብሮት «ስፖርት ይሥሩ» ይባላል፤ ግሡ ግን ያው ነው። በአማርኛ ኳስ ይጫወታሉ፣ ሩጫ ይሮጣሉ፣ ዋና ይዋኛሉ፤ ስፖርትን ግን ይሠራሉ። ይህ የሰዋስው ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሥራ ለበዛበት ሰው «ሥሪ» የሚለው ቃል እንደ ሌላ ሥራ ነው የሚሰማው።

ለአብነት ያህል በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የተጠጋ እናት ትታሰብ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ከማሽን ማሽን ስትመላለስ ትውላለች፤ የተቆረጠውን ክር ትቀጥላለች፤ ከፈረቃ ስትወጣ ታክሲ ካላገኘች በእግሯ ቤቷ ትገባለች። ቤቷ ደግሞ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቆ በጀሪካን መሙላት፣ ልብስ ማጠብ፣ ሊጥ ማቡካት ይጠብቃታል። ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄደው «ድባቴ ያዘኝ» ብላ አይደለም። «ራሴን ይወጋኛል፤ ልቤ ይመታል፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ሰውነቴ አልታዘዝ አለኝ» ብላ ነው። የደም ምርመራው ምንም አያሳይም። ባለሙያው አስተዋይ ከሆነ ስለ ስሜቷ፣ ስለ እንቅልፏና ስለ ምግብ ፍላጎቷ የሚጠይቁትን፣ በአማርኛ ተተርጉመው አስተማማኝነታቸው በአገር ውስጥ የተፈተሸውን ዘጠኝ ጥያቄዎች ያቀርብላታል፤ ነገሩም ይገባዋል። ከዚያም «ሐሳብ አታብዢ፤ ስፖርት ሥሪ» ብሎ ይሸኛታል።

እርሷ ግን ቀኑን ሙሉ ስትንቀሳቀስ ነው የዋለችው። ምክሩ ከተሳሳተ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እንቅስቃሴን በካሎሪና በደቂቃ ብቻ ለሚቆጥር ዓይን ይህች ሴት ከበቂ በላይ «ስፖርት ሠርታለች»። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ የፋብሪካ ሠራተኛዋ ይህን መጠን ምናልባት ከረቡዕ በፊት ትጨርሰዋለች። ታዲያ ለምን አልቀለላትም? እ.ኤ.አ. በ2017 በዋይትና በባልደረቦቿ የታተመው የጥናቶች ጥናት ለዚህ ፍንጭ ይሰጣል። በዕረፍት ጊዜ የሚደረግ እንቅስቃሴ ከተሻለ የአእምሮ ጤንነት ጋር ሲያያዝ፣ በሥራ ላይ የሚደረገው ግን ከአእምሮ ጤና መጓደል ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ዝምድና መንስኤ ማለት እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ከባድ የጉልበት ሥራ ከድህነት፣ ከአለቃ ቁጣና ከእንቅልፍ እጦት ጋር አብሮ ይመጣልና። ቢሆንም ውጤቱ አንድ ነገር ያስገነዝባል። ጡንቻው ያው ሆኖ ሳለ የሚያንቀሳቅሰው ትእዛዝ የሌላ ሲሆን፣ ጥቅሙም የሌላ ይሆናል። አስተዋይ አማካሪ «ትንቀሳቀሻለሽ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ከቀንሽ ውስጥ የራስሽ የሆነው እንቅስቃሴ የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እንቅስቃሴ ለድባቴ ይጠቅማል የሚለው ድምዳሜ ባዶ ተስፋ አለመሆኑን ለማየት ጥናቶቹን ቀረብ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። በዱክ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ብሉመንታልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑና ድባቴ ያለባቸው 156 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ወሰደ፤ ሌላው በሳምንት ሦስት ጊዜ በቡድን እንቅስቃሴ አደረገ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አጣመረ። ከ16 ሳምንታት በኋላ ሦስቱም በተቀራራቢ ደረጃ ተሻሻሉ፤ መድኃኒቱ ግን ቀደም ብሎ መሥራት ጀምሮ ነበር። ከአሥር ወር በኋላ በተደረገው ክትትል ሕመሙ የተመለሰባቸው በእንቅስቃሴው ቡድን አነስተኛ ሆኑ። ይህ ውጤት በየጋዜጣው ተሰራጭቶ «ሩጫ ከኪኒን ይበልጣል» እስከመባል ደርሷል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ጥናቱ አላለም። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 በ202 ሰዎች ላይ ሲደግሙት የማስመሰያ ኪኒን የወሰደ ቡድንም ጨምረው ነበር። በአሠልጣኝ ፊት ከተለማመዱት 45 በመቶ፣ በቤታቸው ብቻቸውን ከተለማመዱት 40 በመቶ፣ መድኃኒት ከወሰዱት 47 በመቶ፣ ማስመሰያውን ከወሰዱትም 31 በመቶ ያህሉ አገገሙ። ልዩነቱ አለ፤ ቀጭን ነው።

ለአቃቂው ጤና ጣቢያ ከሁሉም በላይ የሚቀርበው ግን በዜና ብዙም ያልተወራለት ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ አገር ቻልደርና ባልደረቦቿ ድባቴ ያለባቸውን 361 የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ታካሚዎች መርጠው፣ ለከፊሎቹ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ እንቅስቃሴን የሚያበረታታ የሠለጠነ አማካሪ መደቡላቸው። አማካሪው አልሠራላቸውም፤ ምክር ነው የሰጣቸው። ታካሚዎቹ በእርግጥ ከበፊቱ የበለጠ ተንቀሳቀሱ። ድባቴያቸው ግን ምክሩን ካላገኙት ይልቅ አልቀነሰም። ይህ ውጤት እንቅስቃሴ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ኖቴልና ባልደረቦቹ 218 ጥናቶችንና ከ14 ሺህ በላይ ተሳታፊዎችን አጠቃለው ሲመረምሩ መራመድ፣ ሶምሶማ፣ ዮጋና የጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ ለድባቴ እንደሚረዱ አሳይተዋልና። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ የሚያስረዱት በእንቅስቃሴና ስለ እንቅስቃሴ በሚሰጥ ምክር መካከል ሰፊ ሜዳ መኖሩን ነው። ምክሩን ሰምቶ ብቻውን የሚወጣ ሰውና ሌሎች እየጠበቁት የሚወጣ ሰው አንድ ዓይነት ሕክምና እየወሰዱ አይደለም።

ይህን ልዩነት ከማንም በፊት የሚያውቁት ከአቃቂ ሜዳ የሚለማመዱት ሯጮች ናቸው። አቃቂ ከእንጦጦ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ያለ በመሆኑ አየሩ ለፍጥነት ልምምድ ይመቻል፤ የክለብ አውቶቡሶች ገና ሳይነጋ አትሌቶችን ከየሰፈሩ ለቅመው ያመጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ ከኢትዮጵያውያን ሯጮች ጋር የኖረውና አብሯቸው የሮጠው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማይክል ክራውሊ በጽሑፎቹ ያሰፈረው ዋና ነገር ይኸው ነው። ለእነዚህ ሯጮች ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለጤናው ነው የሚሮጠው፤ ለመለወጥ የሚፈልግ ግን ከሌሎች ጋር ይሮጣል። በመስመር ተሰልፎ የፊተኛውን እግር መከተል፣ ተራ በተራ መምራት፣ የሌላውን ድካም መሸከም፤ ጉልበት በግለሰቡ ውስጥ የተዘጋ ሀብት ሳይሆን በመካከላቸው የሚዘዋወር ነገር ነው። «ኮንዲሽን» የሚሉትም በሥልጠና ብቻ የሚገነባ ሳይሆን በምግብ፣ በዕረፍት፣ በአየር፣ በጓደኛና በእግዚአብሔር ፈቃድ የሚመጣና የሚሄድ፣ ሊጠበቅ የሚገባው ስስ ሁኔታ ነው። የሥነ ልቡና ባለሙያ ስለ አእምሮ ጤና የሚያስተምርበት ቃል ቢያጣ ከዚህ ቃል የተሻለ በቀላሉ አያገኝም። «ድባቴ» የሚለው መጠሪያ ብዙ ሰው የማያውቀው የመማሪያ መጽሐፍ ቃል ነው፤ «ኮንዲሽኔ ወርዷል» ግን ማንም ይገባዋል፤ ነቀፋም የለበትም።

ይሁንና ሯጩን ባለጤና፣ ሠራተኛዋን ታማሚ አድርጎ መሳል ስሕተት ይሆናል። ከገጠር መጥቶ፣ ከሦስት ከአራት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ክለብ ለመግባት ወይም ማናጀር ለማግኘት የሚሮጥ ወጣት ሩጫው መዝናኛው አይደለም፤ የእርሻ መሬቱን ድርሻ የተወለት ቤተሰብ የሚጠብቀው እንጀራ ነው። ጅማቱ ሲጎዳ የሚያጣው ልምምዱን ብቻ ሳይሆን ማንነቱን ነው። ብሩወርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 «የአትሌት ማንነት» ብለው ለሰየሙት ነገር መለኪያ ሲያዘጋጁ በጽሑፋቸው ርእስ ያነሡት ጥያቄ ይህ ማንነት የሄርኩለስ ጡንቻ ነው ወይስ የአኪሊስ ተረከዝ የሚል ነበር። ራሱን በሩጫ ብቻ የሚያውቅ ሰው በደህና ቀን ብርቱ ነው፤ በጉዳት ቀን ግን የሚቆምበት ሌላ እግር የለውም። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ አትሌቶች የአእምሮ ጤና የጋራ መግለጫ ያወጣው የድባቴና የጭንቀት ምልክቶች በእነርሱም ዘንድ የተለመዱ መሆናቸው ስለታመነበት ነው። እንዲህ ላለው ወጣት «ትንሽ ሩጥ፤ ይቀልሃል» ማለት ዓሣን በውሃ እንደማከም ነው። የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፤ ያለ ሐፍረት የማረፍ ፈቃድ፣ በማይሮጥበት ቀን ጓደኞቹ ጋር የሚቆይበት ምክንያት፣ ከሩጫ ውጭ ስላለው ራሱ የሚጠይቀው ሰው።

ኢትዮጵያ ለዚህ ያላት ምስክር ትልቅ ነው። አበበ ቢቂላ በሮም እ.ኤ.አ. በ1960፣ በቶኪዮም በ1964 ማራቶንን አሸነፈ፤ በሜክሲኮ በ1968 በጉዳት አቋረጠ፤ በቀጣዩ ዓመት በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው። ሕክምናውን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተከታተለ። ሆስፒታሉ ማንኛውም ሆስፒታል አልነበረም። በዚያ ሉድቪግ ጉትማን የተባለው ሐኪም የአከርካሪ ጉዳት ለደረሰባቸው ወታደሮች ስፖርትን የሕክምናው አካል አድርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በሆስፒታሉ ግቢ የቀስት ውድድር አዘጋጅቶ ነበር፤ የፓራሊምፒክ ጨዋታዎች ከዚያ በቀሉ። ጉትማን ስፖርቱን የፈለገው ለጡንቻ ብቻ አልነበረም፤ የቀረውን ዕድሜውን እንደ ሸክም የሚቆጥር ታካሚ ለራሱ ያለውን ግምት እንዲመልስ ነበር። አበበም እ.ኤ.አ. በ1970 በስቶክ ማንድቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በተከታዩ ዓመት በኖርዌይ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች አሸነፈ። አልፎ አልፎ ይህ ታሪክ የጽናት ምሳሌ ተብሎ ብቻ ይነገራል። ለምክር ባለሙያ ግን ዝርዝሩ ይበልጣል። ማንም ሯጩን ወደ ሩጫ እንዲመለስ አልገፋፋውም። ሌላ እንቅስቃሴ፣ ሌላ መሣሪያ፣ ሌላ ውድድር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉ ሌሎች ሰዎች ተሰጡት።

ወደ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ሲመለስ ታዲያ ምን ሊደረግ ይችላል? አስቀድሞ ምክሩ ማን ላይ ማረፍ እንደሌለበት መለየት ይገባል። በቂ ምግብ የማያገኝ፣ የደም ማነስ ያለበት ወይም ሳል የያዘው ሰው ከምርመራ በፊት «ሩጥ» አይባልም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያደረበት ሰው ከእንቅስቃሴ በፊት ጥበቃና ሕክምና ይሻል፤ መድኃኒት የጀመረም በእንቅስቃሴ ስም አያቋርጥም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቦታው ነው። ሴት በምሽት ብቻዋን ስትሮጥ የሚገጥማትን ለከፋ የማያውቅ አማካሪ የለም፤ በምክሩ ውስጥ ሲያካትተው ግን እምብዛም አይታይም። ፋብሪካ ለፋብሪካ በሚያልፍ መንገድ የሚተነፈሰው አየርና በቆሻሻ የተጎዳው የአቃቂ ወንዝ ዳርም እንዲሁ። የመናፈሻ ፎቶግራፍ ያለበት የውጭ አገር በራሪ ጽሑፍ እዚህ አይሠራም።

በአንጻሩ አቃቂ ሌሎች ሰዎች የሚጠብቁበትን መሰባሰብ ከማንም መበደር አያስፈልጋትም። እድር አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ፣ የቡና ጎረቤት አለ፣ ከፈረቃ አብረው የሚወጡ ሴቶች አሉ። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ በአዲስ አበባ በወር አንድ እሑድ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለሕዝብ ሲከፈቱ የነበረበት «መንገድ ለሰው»፣ ከዚያም በፊት ከ2001 ጀምሮ የተካሄደው ታላቁ ሩጫ፣ ሩጫ የአትሌት ብቻ አለመሆኑን ከተማዋን አለማምደዋል። የዓመት አንድ ቀን ደስታ ግን የ16 ሳምንት ልማድ አይደለም። በዚምባብዌ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ የጀመረው «የወዳጅነት አግዳሚ» ከዚህ አኳያ ልብ ሊባል ይገባል። የሠለጠኑ አረጋውያት ሴቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ኩፉንጊሲሳ» የያዛቸውን፣ ትርጉሙም ከእኛው «ሐሳብ አበዛ» ጋር አንድ የሆነ፣ ሰዎች ችግራቸውን በየተራ እንዲፈቱ ያግዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በ573 ሰዎች ላይ የታተመው ጥናት ውጤታማነቱን አሳይቷል። ብዙ የማይወራለት ግን ከአግዳሚው በኋላ የሚመጣው ነው፤ ምክሩን የጨረሱት ሴቶች በቡድን ተሰብስበው እጃቸው ቦርሳ እየሠራ ይጫወታሉ። እጅ ሲንቀሳቀስ አፍ ይፈታል፤ ጥጥ ስትፈትል ያደገች ኢትዮጵያዊት ይህን አዲስ ግኝት አትለውም።

በዚህ መንገድ ሲታሰብ ለሠራተኛዋ የሚሰጠው ምክር በጣም ትንሽና በጣም ዝርዝር ይሆናል። አማካሪዋ «እትዬ» ብላ ትጠራታለች፤ ከፈረቃ ከማን ጋር እንደምትወጣ ትጠይቃታለች። ከሁለቱ ጓደኞቿ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጀሪካን ሳይያዝ፣ የሚገዛ ነገር ሳይኖር፣ ለሃያ ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ማለት ይቻል እንደሆነ ይነጋገራሉ። ከባሏ ወይም ከአማቷ የሚመጣው «ዘወር ዘወር የምትይው ወዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ምን መልስ እንደሚሰጠው አስቀድሞ ይታሰብበታል፤ ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነውና። የሥነ ልቡና ትምህርት ይህን በደረጃ የሚከናወን ባሕርይን የማነቃቃት ስልት ይለዋል። ታካሚዋ ስሜቷ እስኪሻሻል ጠብቃ አትንቀሳቀስም፤ ትንሽ ተንቀሳቅሳ ስሜቷ ምን እንደሚል ታያለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚጠየቀው «ሠራሽ ወይ?» ሳይሆን «ስትመለሺ ምን ተሰማሽ? ማንስ አብሮሽ ነበር?» ነው። አልሄደችም ከሆነ የሚጠየቀው የከለከላት ነገር ነው፤ ስንፍና የሚባል ምርመራ የለም።

ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪም ከዚህ የሚወጣ ቀጥተኛ ሥራ አለ። በታካሚ ካርድ ላይ «እንቅስቃሴ ተመክራለች» ተብሎ የሚጻፈው አንድ መስመር ምንም አይለካም። ከማን ጋር፣ የትኛው ቀን፣ የት፣ ስንት ጊዜ ተመለሰች የሚሉት ቢመዘገቡና የዘጠኙ ጥያቄዎች ነጥብ ጎን ለጎን ቢያዝ፣ ምክር ብቻ የተሰጣቸውንና ጓደኛ የተመደበላቸውን ማነጻጸር ይቻላል፤ በሥራ ላይ የሚደረገውን እንቅስቃሴና የራስ የሆነውን ለይቶ የሚጠይቅ መጠይቅም ያስፈልጋል። ክትትሉ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ብቻ ከሆነ ግን አይበቃም። ሰኔ ሲገባ የአቃቂ ጥቁር አፈር ይለሰልሳል፤ ጫማ ይይዛል፤ ሯጮቹ ሳይቀሩ ወደ አስፋልት ይወጣሉ። በጥቅምት ሦስት ሆነው የጀመሩት ሴቶች በነሐሴ ስንት ሆነው እንደሚወጡ የሚታወቀው ያኔ ነው።